ምላጭን ከመሳያ ድንጋይ ያላቀቀው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ማን ነበር?

ከካርቱም በስተደቡብ በሚገኘው ማዮ ሰፈር ፀጉር ቤት ለመክፈት ብዙ ሀብት አያስፈልግም። ወንበር፣ መስታወት፣ ሳሙና፣ ብሩሽ፣ ከፀሐይ የሚከልል ሸራ እና አንድ መላጫ ካለ ሥራው ይጀመራል። ሰፈሩ ከ1980ዎቹ ወዲህ ከደቡብ ሱዳን፣ ከኑባ ተራሮች እና ከዳርፉር በጦርነትና በረሃብ የተፈናቀሉ ሰዎችን ሲያስጠጋ የኖረ ነው። ከቤት ንብረቱ የተነቀለ ሰው በጥቂት ገንዘብ ሊጀምራቸው ከሚችላቸው ሙያዎች አንዱም ይኸው ነው።

መላጫውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሁለት ዘመናት በአንድ ዕቃ ላይ ተገናኝተው ያገኛል። እጀታው እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ፣ የአያት የቅድመ አያት ምላጭ ቅርፅ ያለው ነው። ስለቱ ግን የእጀታው አካል አይደለም። ፀጉር አስተካካዩ ሱዳናውያን ሙስ የሚሉትን፣ በሁለት በኩል ስለት ያለውን ስስ ምላጭ ከነወረቀቱ አጥፎ ለሁለት ይሰብርና ግማሹን እጀታው ውስጥ ይሰካዋል። በአዲስ አበባ ፀጉር ቤቶች የሚታየውም መሣሪያ ከዚህ የተለየ አይደለም። ደንበኛው ሲነሳ ያ ግማሽ ምላጭ ይጣላል፤ ቢያንስ ሊጣል ይገባዋል።

ምላጭ እየተሳለ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ሳይሆን ተጠቅመው የሚጥሉት ዕቃ እንዲሆን ያደረገው አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። ስሙ እስከ ዛሬ በሱቅ መደርደሪያዎች ላይ አለ። ሰውየው ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያልም የኖረው ስለ ምላጭ አልነበረም።

ከቃጠሎ የተረፈው ልጅ

ጂሌት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1855 በዊስኮንሲን ግዛት፣ ፎን ዱ ላክ በተባለች ከተማ ተወለደ። ያደገው በቺካጎ ነው። አባቱ የብረታ ብረት ዕቃ ነጋዴ ሲሆን፣ አዳዲስ ነገሮችን መሞካከር የሚወድ ሰው ነበር። እናቱም በኋላ በመላው አሜሪካ የታወቀ የምግብ አዘገጃጀት መጽሐፍ ደራሲ ሆናለች።

በ1871 ቺካጎን ያጋየው ታላቅ ቃጠሎ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ቤት አልባ ሲያደርግ የጂሌት ቤተሰብም ንብረቱን አጣ። የ16 ዓመቱ ልጅ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሥራ ገባ። በመጀመሪያ በብረታ ብረት መደብር ተቀጠረ፣ ከዚያም ከከተማ ከተማ እየዞረ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ሆነ። በመንገድ ላይ ሳለ ትንንሽ ፈጠራዎችን ይሞክር ነበር፤ የሚያበለጽገው ግን አላገኘም።

በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዊሊያም ፔይንተር ለተባለ የፈጠራ ሰው መሥራት ጀመረ። ፔይንተር ዛሬ በየለስላሳውና በየቢራው ጠርሙስ አፍ ላይ የምናገኘውን ቆርኪ የፈጠረ ሰው ነው። ቆርኪ አንድ ጊዜ ከተከፈተ ይጣላል፤ ገዢው ለሚቀጥለው ጠርሙስ ሌላ ቆርኪ ያስፈልገዋል። ፔይንተር ይህንኑ ለወጣቱ ሻጭ አስገነዘበው፤ ሰዎች ተጠቅመው የሚጥሉትንና ተመልሰው የሚገዙትን ነገር እንዲፈልግ መከረው። ምክሩ በጂሌት አእምሮ ውስጥ ለዓመታት ተቀመጠ።

ጠፍር ያልመለሰው ስለት

የዚያን ዘመን ምላጭ ከአባት ወደ ልጅ ሊተላለፍ የሚችል ንብረት ነበር። በእንግሊዟ ሼፊልድና በጀርመኗ ዞሊንገን የሚሠሩት ከሁሉም ይበልጥ የታወቁ ነበሩ። የምላጩ ጀርባ ወፍራም ነው፤ ሁለቱ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብለው ይሞረዱና ወደ ስለቱ ሲደርሱ እጅግ ይሳሳሉ።

እንዲህ ያለውን ምላጭ መግዛት ቀላሉ ክፍል ነበር፤ ከባዱ ስለቱን ጠብቆ ማቆየት ነው። በየዕለቱ ከመላጨት በፊት ምላጩ በተወጠረ የቆዳ ጠፍር ላይ ይመላለሳል። በዚህ ጊዜ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል፤ ስለቱ ከቀደመ ቆዳው ይቆረጣል፣ ስለቱም ይጎዳል። ጠፍር ከብረቱ ላይ የሚያነሳው ነገር ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ሥራው በጢም ተመትቶ የተጣመመውን የስለት ጫፍ ማቅናት ነው። ሳምንታት ወይም ወራት አልፈው ጠፍር አልመልስ ሲል መሳያ ድንጋይ ይመጣል። በድንጋይ ላይ አካሄዱ ይገለበጣል፤ ስለቱ ይቀድማል። ጀርባውና ስለቱ እኩል ድንጋዩን ነክተው መሄድ አለባቸው፤ የስለቱን ማዕዘን የሚጠብቀው የጀርባው ውፍረት ነውና። እጅ ከከበደ ወይም ጀርባው ከድንጋዩ ከተነሳ ስለቱ ይበላሻል።

ከተላጩ በኋላም ምላጩን በደንብ ማድረቅ ግድ ነበር፤ በስለቱ ላይ የቀረች ጠብታ ውሃ ዝገት ትሆናለች። አቅም ያላቸው ሰዎች ስለቱ እንዲያርፍ በማለት ለሳምንቱ ቀናት ሰባት ምላጭ በአንድ ሳጥን ያስቀምጡ ነበር። ጥበቡ የሌለው ሰው ወደ ባለሙያ መሄድ ነበረበት።

በ1895 አንድ ጠዋት፣ በቦስተን አቅራቢያ በምትገኘው ብሩክላይን የሚኖረው ጂሌት ምላጩን ሲያነሳ ደንዞ አገኘው። ጠፍር የማይመልሰው፣ ድንጋይና ባለሙያ የሚፈልግ ድንዛዜ ነበር። በመስታወቱ ፊት ቆሞ ሳለ አንድ ነገር ገባው። ከዚያ ሁሉ ብረት ጢም የሚቆርጠው ከክር የቀጠነው ጫፍ ብቻ ነው፤ የቀረው ጫፉን ለመሸከም የተሠራ ነው። እንግዲያው ስለቱን ከስስ ብረት ሠርቶ፣ በእጀታ ጨብጦ፣ ሲደንዝ መጣል ለምን አይቻልም?

ከዚያ በፊት ቆዳን ከመቆረጥ የሚከላከል መላጫ ለገበያ ቀርቦ ነበር። የእርሱም ስለት ግን ከእጀታው እየወጣ መሳል ነበረበት። ጂሌት ያሰበው መሳልን ጨርሶ ማስቀረት ነበር።

ሐሳቡ ቀላል ቢመስልም ስድስት ዓመት ፈጀ። ስስ ብረት በእሳት ሲጠነክር ይጣመማል፣ ይሰባበራልም። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ሊቃውንት እንደማይሆን ነገሩት። በመጨረሻ የዚያው ተቋም ምሩቅ የሆነው ዊሊያም ኒከርሰን ስሱን ብረት የሚያጠነክሩና የሚስሉ ማሽኖችን ሠራ። ኩባንያው በ1901 ተመሠረተ። ሽያጭ በተጀመረበት በ1903 የተሸጡት 51 እጀታዎችና 168 ምላጮች ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ግን የእጀታው ሽያጭ ከ90 ሺህ በለጠ።

የአንዱ እጀታ ዋጋ አምስት ዶላር ነበር፤ ለዘመኑ ሠራተኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ ወደ 3.5 ሚሊዮን የሚጠጉ መላጫዎችን ገዛ። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወጣት ከአባቱ ጠፍርና ድንጋይ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም።

የጠላውን ዓለም የገነባ ሰው

የጂሌት ፎቶና ፊርማ በእያንዳንዱ የምላጭ ወረቀት ላይ ይታተም ስለነበር ባለ ሪዙ ፊቱ ስሙን ማንበብ በማይችሉ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር ታወቀ። ይህ ሰው ግን ምላጩን ከማሰቡ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1894፣ የንግድ ፉክክርን የክፋት ሁሉ ሥር አድርጎ የሚያወግዝ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ሕልሙ ሁሉም ሰው ባለ ድርሻ የሆነበት አንድ ግዙፍ ኩባንያ የዓለምን ምርት ሁሉ እንዲያስተዳድርና ሚሊዮኖች ከናያግራ ፏፏቴ ኃይል በምታገኝ አንዲት ከተማ እንዲኖሩ ነበር። በ1910 ሊያቋቁመው ላሰበው የዓለም ኩባንያ ፕሬዝዳንት እንዲሆን የቀድሞውን የአሜሪካ መሪ ቴዎዶር ሩዝቬልትን በአንድ ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ነበር። ሩዝቬልት አልተቀበለውም።

ፉክክርን የጠላው ሰው በራሱ ኩባንያ ውስጥ በፉክክር ተሸነፈ። ገንዘብ ያፈሰሰው ባለሀብት ጆን ጆይስ የኩባንያውን ሥልጣን ያዘ፤ ጂሌት አብዛኛውን ድርሻውን ሸጦ የስም ፕሬዝዳንት ሆኖ ቀረ። የ1929 የአክሲዮን ገበያ ውድቀት ሲመጣ የቀረው ሀብቱ ተመናመነ። በ1930 ከተቀናቃኝ ድርጅት ጋር ውህደት ሲደረግ ኩባንያው ትርፉን አጋንኖ ሲያስመዘግብ መቆየቱ ታወቀ። ጂሌት በሐምሌ 1932 በካሊፎርኒያ ሲሞት 77 ዓመቱ ነበር። ከታላቅ ሀብቱ የተረፈው ጥቂት ነበር።

ግማሽ ምላጭ፣ ሙሉ ኃላፊነት

ጂሌት ምላጭ እንዲጣል የፈለገው ሌላ እንዲገዛ ነው። ነገር ግን መጣል እርሱ ያላሰበው ሌላ ትርጉም አገኘ። በድሮው ፀጉር ቤት አንድ ምላጭ በቀን ብዙ ፊት ላይ ያርፍ ነበር፤ ድንጋይና ጠፍር ስለቱን ይመልሳሉ እንጂ የሌላውን ሰው ደም አያጠሩም። በምላጭ የሚፈጠር በዓይን የማይታይ ቁስል ለኤችአይቪና ለሄፓታይተስ ቢ መተላለፊያ ሊሆን ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል። በኢትዮጵያ ስለታማ ነገሮችን በጋራ አለመጠቀም ለዓመታት ሲሰበክ የቆየውም ለዚህ ነው።

እንደ ማዮ ባለ ሰፈር ፈተናው እዚህ ላይ ነው። በ2023 በተቀሰቀሰው ጦርነት ካርቱም ስትፈርስ የዕለት ገቢም አብሮ ፈርሷል። ኑሮ ሲጠብ ቁጠባ ጥበብ ነው፤ ግማሿ ምላጭ ገና ስለታም መሆኗን ፀጉር አስተካካዩ ያውቃል። ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው ብትውል የሚያተርፈው ሳንቲም ነው፤ የሚያስከትለው ጣጣ ግን በሌላ ሰው ሕይወት ላይ የሚወድቅ ነው።

ስለዚህ በወንበሩ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ አንድ ነገር የመጠየቅ መብት አለው። ምላጩ ከወረቀቱ ሲወጣና ለሁለት ሲሰበር በዓይኑ ማየት አለበት፤ ቀድሞ በእጀታው ላይ ተሰክቶ ካገኘው ደግሞ እንዲቀየርለት መጠየቅ አለበት። ጥሩ ፀጉር አስተካካይ ደንበኛው ሳይጠይቀው አዲሱን ወረቀት ፊቱ ላይ ይከፍታል።