ዣክ ፕሬሰር
ዣክ ፕሬሰር (ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1899 – ኤፕሪል 30 ቀን 1970 እ.ኤ.አ.) የሆላንድ አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ፣ መምህርና ደራሲ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ናዚዎች የሆላንድን አይሁዶች እንዴት እንዳጠፉ በተረከበት «ኦንደርኻንግ» (ጥፋት) በተባለው መጽሐፉ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው አምስተርዳም ውስጥ ሲሆን አባቱ የአልማዝ ሠራተኛ ነበር። በ1926 ከአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በፎሲየስ ጂምናዚየም ታሪክ ማስተማር ጀመረ።

ጀርመን በሜይ 1940 ሆላንድን ስትወር ፕሬሰር ወደ እንግሊዝ ለማምለጥ ሞክሮ አልተሳካለትም። አይሁዳዊ በመሆኑም ከሥራው ተባረረ። ከዚያ በኋላ ለአይሁድ ልጆች ብቻ በተከፈተው የአምስተርዳም ትምህርት ቤት አስተማረ፤ አን ፍራንክም የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበረች። በ1943 ባለቤቱ ዴቦራ አፐል ተይዛ ወደ ቬስተርቦርክ ካምፕ፣ ከዚያም ወደ ሶቢቦር ተላከች፤ እዚያም ተገደለች። እርሱ ግን ጦርነቱ እስኪያበቃ ተደብቆ ተረፈ።

በ1950 የጦርነት ሰነዶችን የሚያሰባስበው መንግሥታዊ ተቋም የአይሁዶቹን ታሪክ እንዲጽፍ አዘዘው። የተቋሙ ኃላፊ ሉ ደ ዮንግ በፎሲየስ ተማሪው የነበረ ሰው ነው። ሥራው 15 ዓመት ፈጀ። በመካከሉ፣ በ1957፣ ስለ ቬስተርቦርክ «የጂሮንዳውያን ሌሊት» የሚል አጭር ልብ ወለድ አሳተመ። ባለታሪኩ አይሁዳዊ የታሪክ መምህር ነው፤ ራሱን ለማዳን ሲል ወገኖቹን ባቡር ላይ በመጫን ሥራ ይተባበራል።

«ኦንደርኻንግ» በ1965 በሁለት ቅጽ ሲወጣ ብዙ አንባቢ አገኘ። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሆላንዳውያን የጦርነቱን ዘመን የሚያስታውሱት በአርበኝነት ነበር። ነገር ግን በአገሪቱ ከነበሩት ወደ 140,000 አይሁዶች ከ100,000 በላይ የሚሆኑት ተገድለዋል። አይሁዶቹን የመዘገቡት የሆላንድ ጸሐፊዎች፣ ከየቤታቸው ካወጧቸውም መካከል የሆላንድ ፖሊሶች፣ ያጓጓዛቸውም የሆላንድ ባቡር ነበር። የሕዝብ መዝገቡ የተሟላና በሚገባ የተያዘ መሆኑ ራሱ ለገዳዮቹ ሥራውን አቀለለላቸው፤ መረጃ ማደራጀት ለሚማር ሰው ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የበለጠ ክርክር ያስነሳው ግን በአይሁድ ምክር ቤት ላይ የሰጠው ፍርድ ነው። ጀርመኖች በ1941 ያቋቋሙትን ይህን ምክር ቤት የሚመሩት የአልማዝ ነጋዴው አብርሃም አስኸርና ፕሮፌሰር ዳቪድ ኮሄን ነበሩ። ፕሬሰር ሁለቱ የጠላት መሣሪያ ሆነዋል፣ ድሃውንም ለአደጋ አጋልጠዋል ሲል ወቀሳቸው። አንዳንድ የታሪክ ምሁራን ግን ሐዘኑ ትንተናውን እንደተጫነው፣ ከሌሎች አገሮች ጋርም በበቂ እንዳላነጻጸረ ተናገሩ። ሁለተኛው ትችት ቦታውን የያዘ ይመስላል፤ በሆላንድ የሞቱት ድርሻ ከቤልጂግና ከፈረንሳይ ለምን እንደበለጠ የመረመሩት ከእርሱ በኋላ የመጡ ምሁራን ናቸውና። የመጀመሪያው ግን ያን ያህል አያስኬድም፦ ፕሬሰር ሐዘኑን አልደበቀም፣ ሆን ብሎም ድምፃቸው ለጠፋው ሰዎች ድምፅ ለመሆን ጽፏል።

ማስታወሻ፣ ደብዳቤና የሕይወት ታሪክን የመሳሰሉ፣ ጸሐፊው ስለ ራሱ የሚናገርባቸውን ጽሑፎች «ኤጎዶኩመንት» ብሎ የሰየመውም እርሱ ነው። ቃሉ ዛሬም በታሪክ ምሁራን ዘንድ ይሠራበታል። ፕሬሰር በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር፤ በሰሜን ሆላንድ በምትገኘው በርገን በ71 ዓመቱ አረፈ።