የመዳብ ሀብት ለባሕር ኮከብ፦ የአሌክሳንደር አጋሲ ሕይወት

ሀብት ያገኘ ሰው ብዙ ነው፤ ያገኘውን ለዕውቀት ያዋለ ግን ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንዱ አሌክሳንደር አጋሲ ነበር። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

አጋሲ በ1835 ዓ.ም. በስዊስ አገር በኔሻቴል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሉዊ አጋሲ ስመ ጥር የተፈጥሮ ሊቅ ነበር። እናቱ በ1848 ስለ ሞተች፣ በሚከተለው ዓመት አባቱ ወደሚያስተምርበት ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በሀርቫርድ ተምሮም በ1857 በምሕንድስና ተመረቀ።

አባትየው በ1859 በዚያው በሀርቫርድ የእንስሳት ማነጻጸሪያ ሙዚየም አቋቋመ። ነገር ግን መሰብሰብ እንጂ ወጪን መቈጣጠር አይሆንለትም ነበርና፣ ስብስቡ ሲበዛ ገንዘቡ ያጥር ነበር። ልጁ በሙዚየሙ እየሠራ የባሕር ኮከብንና ዘመዶቹን ለጥናት መረጠ። እነዚህ እንስሳት ዓሣ አይደሉም፤ የጀርባ አጥንትም የላቸውም፤ አካላቸው አብዛኛውን ጊዜ በአምስት የተከፈለ ነው። የባሕር ኮከብ ከዕንቁላሉ ሲወጣ ኮከብ አይመስልም፤ በውሃ ውስጥ ሲዋኝ ቆይቶ ኋላ መልኩን ይለውጣል። አጋሲ ይህን ለውጥ ደረጃ በደረጃ ተከታትሎ በ1864 አሳተመ።

በ1867 ወደ ሚሺጋን ሄዶ፣ አስተዳደሩ የተበላሸውን የካሉሜትንና የሄክላን መዳብ ማውጫ አቀና። በብዙ ሠራተኞች ድካምም ማዕድኑ ከፍተኛ ሀብት አስገኘ፤ የአጋሲ ጤና ግን ተጎዳ። ከዚያም ወደ አውሮፓ ተሻግሮ፣ በየሙዚየሙ የተቀመጡትን የባሕር ጃርቶች መረመረ። አንዱ እንስሳ በየአገሩ ሌላ ሌላ ስም ተሰጥቶት ስለ ነበረ፣ ሁሉን አነጻጽሮ ከ1872 እስከ 1874 ባወጣው መጽሐፍ ስሞቹን አስተካከለ።

መጽሐፉ ገና ሳያልቅ፣ በዲሴምበር 1873 አባቱ ሞተ፤ ከስምንት ቀን በኋላም ባለቤቱ አና ተከተለች። ሦስት ልጆችና የአባቱ ሙዚየም ሸክም በእጁ ቀሩ። ኀዘኑ ግን ከሥራ አላገደውም። ከመዳቡ ካገኘው ገንዘብ 500,000 ዶላር ያህል ለሙዚየሙና ለመሰል ተግባር ሰጠ። ከ1877 ጀምሮም ብሌክ በተባለችው መርከብ ላይ፣ ከማዕድን ሥራ የሚያውቀውን የብረት ሽቦ ገመድ አስገባ። ሽቦው ከወፍራሙ የቃጫ ገመድ ቀጭንና ጠንካራ ስለ ሆነ፣ መረቡ ወደ ጥልቁ ባሕር ቶሎ ወርዶ ቶሎ ይወጣ ጀመር።

አጋሲ በ1910 ማርች 27 ቀን፣ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ሲመለስ በመርከብ ላይ ዐረፈ። ስብስቡ ግን ዛሬም በሀርቫርድ ይገኛል። ከየትኛው ባሕርና ከምን ያህል ጥልቀት እንደ ወጣ በጥንቃቄ የተጻፈለት እንስሳ፣ ሰብሳቢው ከሞተ በኋላም ለመርማሪ ምስክር ይሆናል። ቦታና ቀን ያልተጻፈበት ግን ከጌጥ አያልፍም። በመዝገብ ቤት ለሚሠራ ወጣትም ነገሩ ይኸው ነው፤ ዛሬ በትክክል የተጻፈ መዝገብ ነገ ለማናውቀው ሰው መንገድ ያሳያል።