እስቲፈን ክሬን፤ ጦርነትን ሳያይ የጻፈው ደራሲ

ስለ ጦርነት የጻፉ ደራስያን ብዙዎች ናቸው። አሜሪካዊው እስቲፈን ክሬን ግን እጅግ የታወቀበትን የጦርነት መጽሐፍ የጻፈው አንድም ጦር ሜዳ ሳይረግጥ ነው። ስለዚህ ሰው አጭር ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልንነግር እንወዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሬን በ1871 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በኒዋርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበሩ፤ እርሱም አሥራ አራተኛ ልጃቸው ነበረ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞቱበት። ካደገ በኋላ ኮሌጅ ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ከትምህርቱ ይልቅ ቤዝቦል የሚባለውን የአሜሪካኖች የኳስ ጨዋታ ይወድ ስለ ነበረ በ1891 ዓ.ም. ዲግሪ ሳይቀበል ወጣ። በዚህ በኩል እርሱን እንድንመስል አስተማሪዎቻችን የሚፈቅዱልን አይመስለንም።

ከዚያም በኒውዮርክ ከድሆች ሰፈር እየዋለ፣ ለጋዜጣ እየጻፈ፣ ብዙ ጊዜም እየተራበ ኖረ። በ1893 ዓ.ም. ሜጊ ስለምትባል ድሀ ልጃገረድ የጻፈውን መጽሐፍ በገዛ ገንዘቡ፣ በሌላ ስም አሳተመ፤ የገዛው ሰው ግን ከቁጥር አይገባም።

ስሙን ያስጠራው በ1895 ዓ.ም. የታተመው «ቀዩ የጀግንነት ምልክት» ነው። መጽሐፉ የሚናገርለት የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ያለቀው ክሬን ከመወለዱ ስድስት ዓመት ቀድሞ ነበረ። የቀድሞ ወታደሮች በመጽሔት የጻፉትን ትዝታ አነበበ፤ እነርሱ ግን የትኛው ጦር በየት በኩል እንደ ዘመተ እንጂ ሰውዬው በልቡ ምን እንደ ተሰማው አይናገሩም ነበር። ክሬን የጻፈው ይህን የቀረውን ነው። ሄንሪ ፍሌሚንግ የሚባል የገበሬ ልጅ ክብርን ተመኝቶ ይዘምታል፤ ጠላት ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን መሣሪያውን ጥሎ ይሸሻል። በመንገድም እንደ እርሱ የሚሸሽ የራሱ ወገን ወታደር በጠመንጃ ሰደፍ ራሱን ይፈነክተዋል። ወደ ጓደኞቹ ሲመለስ በጥይት የቆሰለ መስሏቸው ቁስሉን ያስሩለታል፤ እርሱም ዝም ይላል። በማግሥቱ በብርቱ ይዋጋል፤ ሰንደቅ ዓላማም ይሸከማል፤ ያ የደበቀው ነገር ግን ከልቡ አይወጣም። እኛ ይህን መጽሐፍ የምንወደው ስለ ድሉ አይደለም፤ ፍርሃትንና ኀፍረትን ሳይሸፍን ስለሚያሳይ ነው። ካነበቡት አሮጌ ወታደሮችም ብዙዎቹ ደራሲው እንደ እነርሱ የዘመተ መስሏቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ እውነተኛው ጦርነት ጠራው። በ1897 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ኩባ ሲሄድ የተሳፈረባት መርከብ በፍሎሪዳ አጠገብ ሰጠመች። አራት ሆነው በትንሽ ጀልባ ሠላሳ ሰዓት ያህል ከማዕበል ጋር ከታገሉ በኋላ ወደ ዳርቻ ሲደርሱ፣ ከአራቱ አንዱ፣ የመርከቡን ሞተር ዘይት ያጠጣ የነበረው ሠራተኛ ሞተ። ክሬን ስለዚህ ነገር የጻፈው አጭር ታሪክ ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀ ነው የሚሉ አሉ። በዚያው ዓመት የግሪክንና የቱርክን ጦርነት በዓይኑ አየ፤ ወዳጁ ጆሴፍ ኮንራድ እንደ ጻፈው፣ ክሬን ከዚያ ሲመለስ መጽሐፉ ልክ ሆኖ እንዳገኘው ነግሮታል። በ1898 ዓ.ም. ደግሞ ኩባ ዘመተ።

በመጨረሻ በእንግሊዝ አገር አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት ተከራይቶ ተቀመጠ። ዕዳው ስለ በዛ ሌትና ቀን ይጽፍ ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳውም እየጸና ሄደ። ለሕክምና ወደ ጀርመን አገር ወስደውት ሳለ ሰኔ 5 ቀን 1900 ዓ.ም. በባደንቫይለር በሃያ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ሬሳው ተጭኖ በኒው ጀርሲ ተቀበረ። ሳይጨርሰው የተወውን የመጨረሻ መጽሐፉን ሮበርት ባር የሚባል ደራሲ ፈጸመለትና በ1903 ዓ.ም. ታተመ።