አባ መላና ያልተሰማው ተከሳሽ

ከክብረ መንግሥት ተነስቼ በነገሌ በኩል ወደ ቦረና በወረድኩ ቁጥር ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ትዝ ይሉኛል። ያንን አገር ጦር እየመሩ ያስገበሩት እርሳቸው ናቸውና።

ሀብተ ጊዮርጊስ በ1843 ዓ.ም. ገደማ በጨቦ ተወለዱ። የምኒልክ ጦር አገራቸውን ሲወጋ ተማርከው በሸዋ ቤተ መንግሥት አደጉ። ከአድዋ ድል በኋላ ፊታውራሪ ሆኑ፤ በ1889 ዓ.ም. ገደማ ወደ ቦረና ዘመቱ። በምርኮ ያደጉት ሰው ሌላውን ሕዝብ ገባር አደረጉ። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። አባ መላ በሚለው ስም ይታወቃሉ። ሕዝቡ ግን ከጦረኛነታቸው ይልቅ ፍርድ አዋቂነታቸውን ያወሳል፤ የተወሳሰበ ሙግት በጥያቄ እየፈተሹ ሐቁን ያወጡ እንደነበር እስከ ዛሬ ይነገራል።

ታዲያ እኚህ ዳኛ ከሁሉ የከበደውን ክስ እንዴት ዳኙት? መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲሻሩ ዋነኛው ክስ ሰልመዋል የሚል ነበር። ማስረጃ ተብሎ የቀረበው ከሙስሊም መሪዎች ጋር መወዳጀታቸውና መዛመዳቸው ነው። ተከሳሹ በሐረር በኩል ነበሩ፤ ቃላቸውን የሰማ የለም። የሹመኞቹ ዋና ሰው አባ መላ ነበሩ። በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ሰገሌ ላይ ከወሎው ንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ።

እኔም በተራዬ እርሳቸውን ሳልሰማ መፍረድ አይገባኝም። ልጅ ኢያሱ ነባሮቹን ሚኒስትሮች ችላ ብለው ነበር። በዓለም ጦርነት መካከል ወደ ቱርክና ጀርመን በማዘንበላቸው እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያም አቤቱታ አቅርበው ነበር። አገር ያሳስበኛል ለሚል ሹም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ክሱ ይኸው ከሆነ ስለ ምን በዚሁ አልተከሰሱም? እስልምና ወንጀል ተደርጎ ሲቀርብ የተከሰሱት አንድ አልጋ ወራሽ ብቻ አልነበሩም፤ በገዛ አገሩ ባዕድ የተባለው ሙስሊም ሁሉ አብሮ ተከሷል።

አባ መላ በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. አረፉ። ጥበባቸውን አልክድም። የዳኛ ሚዛን የሚለካው ግን በማይወደው ሰው ጉዳይ ነው። እምነታችንም ለጠላት እንኳ ፍትሕን እንዳንነፍግ ያዘናል። ዛሬም በችሎት ሆነ በየሰፈሩ የምንፈርድ ሁሉ፣ ያልሰማነው ወገን እንዳለ እንጠይቅ።