ጂቫንጂና አሊዲና፦ የናይሮቢው መናፈሻ ባለቤትና ሸሪካቸው

ለንግድ ጉዳይ ናይሮቢ በሄድኩ ጊዜ ጁምዓን ጃሚያ መስጂድ ሰግጄ ስወጣ፣ እግሬን ላሳርፍ ብዬ በቅርብ ወዳለ መናፈሻ ገባሁ። ሰባኪውም፣ ሥራ ፈላጊውም፣ ስለ መንግሥት የሚከራከረውም ተሰብስቦበታል። የጂቫንጂ መናፈሻ ይባላል። አብሮኝ የነበረውን የከተማውን ነጋዴ ጂቫንጂ ማን ነው ብለው፣ የሰፈር ስም ይመስለኝ ነበር አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሰውየውን ታሪክ ሳገላብጥ ከጎናቸው ሌላ ስም ደጋግሞ ይመጣብኝ ጀመር፤ አሊዲና ቪስራም።

አሊባይ ሙላ ጂቫንጂ በ1856 ካራቺ ውስጥ ተወለዱ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዘመናዊ ትምህርት እምብዛም አልነበራቸውም። አውስትራሊያ ድረስ ሄደው ከነገዱ በኋላ በ1890 ሞምባሳ ላይ ሱቅ ከፈቱ። እንግሊዞች በ1896 ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ሲጀምሩ፣ ከህንድ ሠራተኛ በማስመጣትና ስንቅ በማቅረብ ከዋናዎቹ ተቋራጮች አንዱ ሆኑ። ለሐዲዱ ከ31 ሺህ በላይ ህንዳውያን መጥተዋል፤ 2,500 ያህሉ እዚያው አፈር ሆነው ቀርተዋል። ስለ ጂቫንጂ ሀብት እያወሩ ይህን ቁጥር መዝለል አማና ማጉደል ይመስለኛል።

አሊዲና ቪስራም ደግሞ ከህንድ ከች ግዛት ገና በልጅነታቸው ባሕር ተሻግረው ባጋሞዮ የገቡ ናቸው። ሰዋ ሐጂ ፓሩ የተባለ ትልቅ ነጋዴ ዘንድ ተቀጠሩ፤ እርሱ በ1897 ሲሞት የቅፍለቱን ንግድ እርሳቸው ያዙት። ሐዲዱ በደረሰበት ሁሉ ሱቅ እየከፈቱ እስከ ኡጋንዳ ዘለቁ። ጂቫንጂ ያስመጡት ሠራተኛ ደመወዙን ሲቀበል ሩዝና ጨርቅ የሚገዛው ከአሊዲና ሱቅ ነበር። የሁለቱ ትስስር መጀመሪያው ይኸው ነው፤ አንዱ የከፈተውን በር ሌላው ገባበት።

የሁለቱ ወገን ግን አንድ አልነበረም። ጂቫንጂ ዳውዲ ቦህራ፣ አሊዲና የአጋ ካን ተከታይ ነበሩ። ሁለቱ ጀመዓዎች በ1094 ካይሮ ላይ በፋጢሚዮች የዙፋን ውርስ ጥል ተለያይተው፣ ከ800 ዓመት በላይ ጎን ለጎን ሳይቀላቀሉ የኖሩ ናቸው። እኛም በዐቂዳ ከሁለቱም ጋር አንስማማም፤ የጻፍኩትም ስለዚያ አይደለም። የገረመኝ እነዚህ ሰዎች በ1900 የሞምባሳ ህንዳውያን ማኅበር ሲቋቋም ሂንዱውንም ጨምረው በአንድነት መቆማቸው ነው። ሁለቱም በንግዳቸው ከመንግሥት ጋር የተሳሰሩ ነበሩ፤ ዝም ቢሉ ኖሮ ገንዘባቸው ባልተነካ።

ጂቫንጂ በ1901 ሞምባሳ ላይ አፍሪካን ስታንዳርድ የተባለ ጋዜጣ አቋቋሙ። በ1905 ለሁለት እንግሊዛውያን ሸጡት፤ ስሙ ኢስት አፍሪካን ስታንዳርድ ተባለ፣ ውሎ አድሮም የነጭ ሰፋሪዎች አፍ ሆነ። ለጋዜጣ አንባቢ ይህ መራር ነገር ነው። የገዛ ማተሚያቸው በወገናቸው ላይ ሲዞር ጂቫንጂ በዓይናቸው አዩት።

ክርክሩ የመሬት ነበር። ለም የሆነው ደጋ ለነጮች ብቻ እንዲሆን መንግሥት ሲወስን የህንዳውያኑ ማኅበር ተቃወመ። ጂቫንጂ በ1910 በቅኝ ግዛቱ የሕግ ምክር ቤት የመጀመሪያው ነጭ ያልሆነ አባል ሆነው ተቀመጡ። ብቻቸውን ነበሩ፤ ቢናገሩም ሰሚ አላገኙም። በዚያው ዓመት ለንደን ሄደው ለእንግሊዝ ጋዜጦች አቤት አሉ። ነገር ግን በዚሁ ጉዟቸው ምሥራቅ አፍሪካ ከህንድ ግዛት ጋር ቢቀላቀል ይሻላል የሚል ሐሳብም አቀረቡ። እዚህ ላይ ስደርስ ብዙ ጊዜ አንብቤ አቆማለሁ። ስለ ግፍ የሚጮኸው ሰው የመሬቱን ባለቤት፣ ኪኩዩውንና ማሳዩን፣ እንዴት ሳያየው ቀረ? በ1906 መናፈሻውን ለከተማው ሲሰጡ መሐሉ ላይ ያቆሙት ሐውልትም የንግሥት ቪክቶሪያ ነበር። ይህን ስል ውለታቸውን መካዴ አይደለም።

አሊዲና በ1916 ሞቱ። በስማቸው ሞምባሳ ውስጥ የተሠራው ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ያስተምራል። ጂቫንጂ በ1914 የምሥራቅ አፍሪካ ህንዳውያን ኮንግረስን ከመሠረቱት አንዱ ሆነው ትግሉን ያለ ሸሪካቸው ቀጠሉ። በ1923 እንግሊዝ ባወጣችው ውሳኔ ነጮች በምክር ቤቱ 11፣ ህንዳውያን 5 ወንበር አገኙ፤ ደጋው ለነጮች ጸና። የአፍሪካውያን ጥቅም ይቀድማል ተብሎ ተጻፈ፤ አፍሪካውያኑን ወክሎ የተቀመጠው ግን ነጭ ሚስዮናዊ ነበር።

ጂቫንጂ በ1936 ናይሮቢ ላይ ሲሞቱ አብዛኛው ሀብታቸው ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። መናፈሻው ቀረ። በ1991 የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ሊሠራበት ሲታሰብ የልጅ ልጃቸው ሕዝቡን አስተባብራ አስቆመች። በ2015 የቪክቶሪያ ሐውልት በሌሊት ተገርስሶ ተገኘ። እኔ በተቀመጥኩበት ዕለት አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን እያወዛወዙ ስለ መሬት ይከራከሩ ነበር።