በእንግሊዝኛ የተጻፈች ስድብና አፄ ቴዎድሮስ

አፄ ቴዎድሮስ ሲነሱ ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ጋፋት፣ ሴባስቶፖልና መቅደላ ነው። በአንድ መጽሐፍ የተነሳ የመጣው ጣጣ ግን ብዙም አይወራም። ታሪኩ የተፈጠረው አገራችን ውስጥ ጋዜጣ የሚባል ነገር ሳይኖር ነው። ነገሩ ግን ዛሬ ስለ ፕሬስ ነፃነት ከምንከራከርበት ጉዳይ ብዙም አይርቅም።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. አካባቢ ቋራ ተወለዱ። አባታቸው ቀድመው ሞቱ፤ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብም ችግር ሲጠናባቸው ጎንደር ላይ ኮሶ ይሸጡ ነበር ይባላል። ካሳ ሸፍተው ስማቸው ሲገን፣ ባላንጣዎቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሳለቁባቸው ጀመር። ደጃዝማች ወንድይራድ የተባለው ሹም በዚህች ስድብ እየፎከረ ዘምቶባቸው ሲማረክ፣ ካሳ ኮሶውን አጠጡት ተብሎ ይተረካል። ስድቧ ግን ከልባቸው አልወጣችም።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሡ። ደብረ ታቦርንም መቀመጫቸው አደረጉ። እኚህ ንጉሥ የጽሕፈት ጠላት አልነበሩም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ደብዳቤ በአማርኛ ያስጽፋሉ። ደብተራ ዘነብም ታሪካቸውን በግዕዝ ሳይሆን ሰው በሚናገረው በአማርኛ ጽፏል። መቅደላ ላይ ቤተ መጻሕፍት የሚሞላ የብራና ክምችት ሰበሰቡ፤ እንግሊዞች ዘርፈው ከወሰዱት ውስጥ ከ300 በላይ የሚሆነው ዛሬም ለንደን ነው።

በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ። መልስ የለም። ወራት አለፉ፤ አሁንም ዝም። መልእክት ልካችሁ መነበቡን እያወቃችሁ መልስ ስታጡ የሚሰማችሁን አስቡት፤ የእሳቸው ደግሞ የአንድ አገር ክብር ያለበት ነበር።

በዚህ ንዴት ላይ ሳሉ ሄንሪ ስተርን የተባለ ሚሲዮናዊ እጃቸው ገባ። ስተርን በ1862 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስለ ኢትዮጵያ ጉዞው ለንደን ላይ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። እዚያ ውስጥ የኮሶዋ ነገር ተጽፋለች። በጥቅምት 1856 ዓ.ም. ስተርን ክፉኛ ተደበደበ፤ አብረውት የነበሩ ሁለት አገልጋዮቹ በዱላ ሞቱ። ቀጥሎ ወረቀቱ ሁሉ ተበረበረ። ሮዘንታል የተባለው ባልደረባው ደግሞ ለሕዝብ ባላሳተመው፣ በግል ደብዳቤና ማስታወሻው ላይ በጻፈው ተከሰሰ። ስልካችን ተወስዶ ሜሴጃችን ተነቦ እንደ መከሰስ ማለት ነው።

ክሱ ጎንደር ላይ በአደባባይ ተሰማ። መጽሐፉ ተተርጉሞ ተነበበ፤ ሁለቱም ጥፋተኛ ተብለው ታሰሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እናቱ ስትሰደብ የማይቆጣ ማን አለ? ስተርንም ለአገሩ ሰው ክብር የነበረው ጸሐፊ አይደለም። ግን እንግሊዝኛ መጽሐፍ አንብቦ የሚረዳ ሰው ያኔ እዚህ አገር በጣት የሚቆጠር ነበር። ለንደን መደርደሪያ ላይ ልትቀር ትችል የነበረችውን ስድብ መኳንንቱና ሕዝቡ ፊት በአማርኛ ያስነበባት የንጉሡ ችሎት ራሱ ነው። ዘነብን የመሰለ ጸሐፊ እያላቸው መልሱን በብዕር ማስጻፍ ይችሉ ነበር። እሳቸው ሰንሰለቱን መረጡ።

ሰንሰለቱም በሁለቱ አልቆመም። በ1856 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ እስረኞችን ለማስፈታት የመጣው ራሳምም ከእስረኞቹ ተቀላቀለ፤ ጋፋትና ደብረ ታቦርም ለጊዜው የእስረኛ ማቆያ ሆኑ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ አቀኑ። የናፒየር ጦር እስረኞቹን አስፈታለሁ ብሎ ባሕር ተሻግሮ መጣ። ንጉሡ እስረኞቹን በመጨረሻ ራሳቸው ለቀቋቸው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ግን እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሰዉ። ለጦርነቱ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት፤ አንዱ ክር ግን ከዚያች መጽሐፍ ይጀምራል።

ከመቶ ዓመት በኋላ አቤ ጉበኛ ስለ እኚሁ ንጉሥ «አንድ ለእናቱ»ን ጻፈ። የእሱም «አልወለድም» በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ታግዶ ነበር፤ ዛሬ ግን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። እገዳ መጽሐፍ አይገድልም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል። ሆኖም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲጠፋ፣ ዝምታውን የሞላው እውነት ሳይሆን ወሬ እንደነበር የገሳይም የደብረ ታቦርም ልጅ ያውቃል። መይሳውን ለጀግንነታቸው እንውደዳቸው። ከስተርን ጉዳይ ደግሞ ይህን እንያዝ፦ ለተጻፈ ነገር የሚመጥነው መልስ ሌላ ጽሑፍ ነው።