ኤድሞን ሎካር

ኤድሞን ሎካር (ዲሴምበር 13 ቀን 1877 – ሜይ 4 ቀን 1966 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ የወንጀል ምርመራ ሊቅ ነበሩ። በተለይ የሚታወቁት ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ በሌላው ላይ ጥቂት ነገር ይተዋል በሚለው የልውውጥ መርህ ነው።

የተወለዱት በሳን ሻሞን ከተማ ሲሆን ሕክምናና ሕግ አጥንተዋል። መምህራቸው የፎረንሲክ ሐኪሙ አሌክሳንድር ላካሳኝ ነበሩ። በ1910 እ.ኤ.አ. በሊዮን ፍርድ ቤት ሕንፃ ከጣራ ሥር ባሉ ሁለት ክፍሎች የፖሊስ ላቦራቶሪ ከፈቱ። ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ስለ ወንጀል ምርመራ ሰባት ቅጽ ያለው መጽሐፍ አሳትመዋል።

በ1912 እ.ኤ.አ. ማሪ ላቴል የተባለች ወጣት አንገቷ ታንቆ ተገድላ ተገኘች። ፍቅረኛዋ ኤሚል ጉርባን ቢጠረጠርም፣ በዚያ ምሽት ካርታ አብረውት የተጫወቱ ጓደኞቹ መሰከሩለት። ሎካር ከጉርባን ጥፍሮች ሥር የተፋቀውን በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ሮዝ ዱቄት የተቀባ የቆዳ ቅርፊት አገኙ። ዱቄቱ ለሟቿ ከተቀመመው የፊት ፓውደር ጋር አንድ ዓይነት ሆነ። ጉርባንም ጓደኞቹን ለማታለል ሰዓቱን ወደፊት እንዳዞረ አመነ።

የተላለፈ ዱካ ሁሉ ግን አይቆይም። የጨርቅ ክር በእንቅስቃሴ ይረግፋል፣ ዱቄት በመታጠብ ይጠፋል። ንጹሕ ሰውም ከሌላ ሰው ጋር በመጨባበጥ ብቻ ዱካ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የዱካ መገኘት ብቻውን ጥፋተኛነትን፣ አለመገኘቱም ንጽሕናን አያረጋግጥም። የዛሬ ተመራማሪዎች ዱካ እንዴት እንደሚተላለፍና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ በሙከራ የሚለኩት በዚህ ምክንያት ነው።